የጋሽ ይርዳው እጅ ጽሑፍ

ባልነካሁት በሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስሬአለሁ። ከዚህ ውስጥ ፍርደኛ የነበርኩት ስምንት ወር ብቻ ነው። የቀረውን ጥፋተኛ ነህም ነፃ ነህም ሳልባል በቀጠሮ ነው የተቀመጥኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ አንድ የሞተ ሰው ልጽፍ ስለሆነ ነው። ሰው ለሟች ማዘን ይወዳል፤ እኔን እንዳትረሱኝ።

ሞቱን የሰማሁት አሰላ፣ ከምሠራበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ፣ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ስናወርድ ነው። እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው ስንዴ ሊያስፈጭ መጥቶ አየኝ።

"ደምሴ፣ ያ ጸሐፊህ ሞተኮ" አለኝ።

"መቼ?"

"የመስቀል ሰሞን። ደረቱን ብርድ መታው። ቀጠሮው ሳይደርስ።"

ጆንያውን አልጣልኩም። ተሸክሜ ገባሁ፣ ደርድሬ ወጣሁ። ከዚያ ከግንቡ ጥግ ሄጄ ምራቄን ተፋሁ። አዝኜ ይሁን ተጸይፌ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

ጋሽ ይርዳው ይባላል። በወጣትነቱ ከመንዝ በኩል የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት ብርዳም ከተማ ናት ማለት ይበቃል። ጡረታ ሲወጣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ያልነበረ የመሬት ውል እንደነበረ አድርገህ ጽፈሃል ተብሎ ነው የታሰረው።

እኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ጎረቤቴ ከድር አንድ በሬ ጠፋበት። በገበያ ቀን፣ ጉም መሬት በነካበት ጠዋት፣ የደምሴ ጋሪ በግጦሹ በኩል ሲያልፍ ታይቷል ተባለ። በሬ ጋሪ ላይ እንደማይጫን ለማሰብ ማንም አልደከመም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የተከበሩ ሰው መሩት።

በእኛ አገር ደንብ ቀድሞ የሚጎነበሰው ታናሽ ነው፣ ቢበድልም ባይበድልም። እርጥብ ሣር ይጨብጥና "አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በለኝ" ይላል። ታላቁ ይቅር ይላል። ነገሩ እዚያው ይሞታል። ማን ሰረቀ ተብሎ አይመረመርም፤ የሚታየው ነገ ከአንድ ወንዝ ትቀዳላችሁ ወይ የሚለው ነው። ሣሩን ጨበጥኩ፣ የሚባለውን አልኩ። ከድር አቀፈኝ፣ አብረን በላን። ከሳምንት በኋላ ኦቦ ቱፋ ከተማ ያስጻፉትን ወረቀት ይዘው መጡ።

"ለማስታወሻ ነው ልጄ፤ አሻራህን አድርግበት" አሉኝ።

እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሳቸውም አይችሉም። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አሳረፍኩ። ጻድቅ ሆኜ ነው ያደርኩት።

የከድር ታላቅ ወንድም ሮቤ የሚነግድ ሰው ነው። ዕርቁን አልወደደውም፤ ወረቀቱን ወስዶ ለፖሊስ ሰጠ። ወረቀቱ "ሰርቄ መውሰዴን አምኜ" ይላል። አላልኩም ብል ማን ይስማኝ። ጣቴ አለበት። ከድር ራሱ "እኔ ታርቄአለሁ፣ ተዉት" ብሎ ነበር፤ ወንጀል የመንግሥት ነው ብለው መለሱት። ቋሚ አድራሻ የሌለው ጋሪ ነጂ ነው፣ ይሰወራል ተብሎ ዋስትና ተከለከልኩ።

ጋሽ ይርዳውም እኔም የተያዝነው በአንድ ሰሞን ነው። ከፖሊስ ጣቢያው እስከ እስር ቤቱ የቀጠሮ ክፍል አብረን ዞርን። በየአሥራ አራት ቀኑ ችሎት እንወሰዳለን። መርማሪው ሳጅን አንዲት ወረቀት ያወጣል፤ ያችኑ ወረቀት፤ ቀኗን ብቻ በእስክሪብቶ እየሰረዘ። ምርመራዬን ስላላጠናቀቅሁ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቀድልኝ ይላል። ይፈቀድለታል። እንመለሳለን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል። ባልዲው ከበሩ ጥግ ነው፤ አዲስ ገቢ ከባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ሌላ አዲስ ገቢ ሲመጣ አንድ ሰው ያህል ትርቃለህ። ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ የሚታወቀው ከባልዲው ባለው ርቀት ነው። ጋሽ ይርዳው በሁለት ወሩ መስኮቱ ሥር ደርሶ ነበር።

በሦስተኛ ቀጠሮዬ ማግስት ጠራኝ።

"ፖሊሱ ምን አለ?"

"ምርመራዬን አልጨረስኩም አለ።"

"ዳኛውስ?"

"ተፈቅዷል አሉ።"

"ምን ማለት እንደሆነ ገባህ?"

"አሥራ አራት ቀን ነዋ ጋሼ።"

"አይደለም። ፖሊሱ አስቦ እስኪመጣ አንተ ቁጭ በል ማለት ነው። ማሰብ ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ይከብደዋል።"

ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ደግሞ ከባልዲው በኩል፣ "ታዲያ ይሄን ማረፊያ ቤት ያሉት ለምንድነው?" ብሎ ጠየቀው።

"እነሱ ከኛ የሚያርፉበት ነዋ።"

እንደዚህ ነበር። አፉ አያርፍም። ከበቆጂ የመጣ ከማል የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ በድብድብ ተጠርጥሮ ሲሸሽ ነው የተያዘው። ጋሽ ይርዳው ባየው ቁጥር "በቆጂ ተወልደህ ሳጅን ይደርስብሃል? አገርህን አሰደብክ እኮ" ይለዋል። እኔን በጣቴ መፈረሜን ሲሰማ "አውራ ጣት" ብሎ አወጣልኝ። ክፍሉ ሁሉ አውራ ጣት ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ እሱን እርስዎ ነበር የምለው። በአባቴ ዕድሜ ነው፣ የተማረ ነው፣ አከበርኩት።

ክስ ሲመሠረትብኝ የፋይሌን ቅጂ ሰጡኝ። እንዲያነብልኝ ለእሱ ወሰድኩለት። የእኛ አገር ፍርድ ቤት ሥራው በኦሮምኛ ነው፤ ፋይሉ ሁሉ በቁቤ የተጻፈ ነው። እሱ ሥራ የጀመረው ሁሉ ነገር በአማርኛ በነበረበት ዘመን ነው፤ ኦሮምኛው ከአርባ ዓመት በኋላም ያነክሳል፤ ቁቤውን ግን በጣቱ እየተከተለ ያነበዋል። በመካከል አንዲት የአማርኛ ወረቀት ነበረች። እሷ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ገለበጣት።

"ይቺስ?" አልኩት።

"ይቺ ያው የምታውቃት ናት። ምን ያደርግልሃል።"

በማግስቱ ጠዋት የብስኩት ካርቶን ቀዶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ና አውራ ጣት፣ ፊደል ላስቆጥርህ" አለኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እጄ ልጓም እንጂ እስክሪብቶ አያውቅም። እሱ ከመጻፉ በፊት ሦስት ጣቶቹን እፍ ይልባቸዋል፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው። እኔንም እፍ በል ይለኛል። ጠንክሬ ስጫን በእስክሪብቶው ጉልበት ጉልበቴን ይመታኛል፤ "ማረሻ አልሰጠሁህም፣ ቀስ" ይላል። የእሱ "በ" ግራ እግሩ ይረዝማል። የእሱ "ሬ" የታጠፈ ማጭድ ይመስላል። ሌላ መጽሐፍ የለንም፤ የመጣው ጋዜጣ ሁሉ መጠቅለያ ሆኖ ዘይት የጠጣ ነው። እኔ የማየው የእሱን ጽሑፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብልጥ ሆኜ፣

"ፋይሌ ውስጥ ያለችው የአማርኛዋ ወረቀትስ? በእሷ አልለማመድም?" አልኩት።

"እሷ አስቀያሚ ጽሑፍ ናት። ለጀማሪ አትሆንም።"

አመንኩት። የሚያስጠላኝ ይሄ ነው። አመንኩት።

በአሥራ አንደኛው ወር የወረዳው ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ፈረደብኝ። ወደ ፍርደኞች በኩል ተዛወርኩ፤ ግቢው አንድ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ይግባኙን የጻፈልኝ ጋሽ ይርዳው ነው። ምንም አልተቀበለኝም። ሽማግሌዎቹ ቀርበው ሳይሰሙ ተፈረደብኝ ብሎ ጻፈ፤ ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው፣ አልክድም።

በስምንት ወሩ አሰላ ካለው የበላይ ፍርድ ቤት መልስ መጣ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አቀበልኩት፤ አነበበው።

"ተመልሷል" አለኝ።

"ልፈታ ነው?"

"የለም።"

"ታዲያ ፍርዱ ጸና?"

"የለም፣ ፍርዱ ተሽሯል። መዝገቡ ወደ ወረዳው ተመልሷል። እንደገና ይሰሙታል።"

"እኔስ?"

"አንተ እስኪሰሙት በማረፊያ ትቆያለህ። መዝገብ ሲመለስ ሰውዬው አይመለስም፤ መዝገቡ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንተ ያለህበት ትቀራለህ።"

ይህንን ልብ በሉልኝ። ፍርደኛ ሳለሁ ቢያንስ የምወጣበትን ቀን አውቅ ነበር፤ በግድግዳ ላይ እየጫርኩ እቆጥር ነበር። የበላዩ ፍርድ ቤት ለእኔ ፈረደልኝ፣ ትክክል ነህ አለኝ፤ በትክክልነቴ ምክንያት የምቆጥረው ቀን ጠፋብኝ። ፍራሼን ጠቅልዬ ወደ ቀጠሮ ክፍሉ ተመለስኩ። አዲስ ገቢ ነህ ተብዬ ከባልዲው አጠገብ ተኛሁ። ለሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ሽታው አይደለም፣ ሽታውንማ ለምጄዋለሁ። ውሳኔው ላይ ያለው "ለፍትሕ ሲባል" የሚለው ቃል ነው ያቅለሸለሸኝ።

ውሳኔውን ደግሞ ለከማል ሰጠሁት። ከማል ቁቤ እንደ ውሃ ነው የሚያነበው።

"ሽማግሌዎቹ ይሰሙ ይላል" አለኝ። "ወረቀቱን የጻፈው ሰውም ተጣርቶ ይቅረብ ይላል።"

"ጸሐፊው?"

"አዎ። ጋሽ ይርዳው አልነገረህም እንዴ?"

አልነገረኝም። አርጅቷል፣ መስመር ዘሎ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ፋይሉን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና፣ አንድም ሰው ሳይረዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያችን የአማርኛ ወረቀት አነበብኳት።

ያን ጊዜ ማንበብ ችያለሁ ቢባልም ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነበር የማነበው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ከሆነ በየቃሉ እቆማለሁ፤ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ላብ እስኪያጠምቀኝ ነው። ይቺን ግን ሳልቆም አነበብኳት። "እኔ ደምሴ የአቶ ከድርን በሬ ሰርቄ መውሰዴን አምኜ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቄአለሁ።" ወረደልኝ። አንድ ቦታ አልተደናቀፍኩም። በራሴ ኮርቼ ቀና አልኩ፤ እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ "በሬ" የሚለውን አየሁት። "በ" ግራ እግሩ ይረዝማል። "ሬ" የታጠፈ ማጭድ ናት።

ቀና ስል ጋሽ ይርዳው ከማዶ እያየኝ ነበር። ለካ ድምፄን አውጥቼ ነው ያነበብኩት።

"አንተ ነህ የጻፍከው" አልኩት። አንቱታዬን ያን ቀን ነው የወሰድኩበት፤ እስካሁንም አልመለስኩለትም።

"እኔ ነኝ።"

"ሰርቄአለሁ ብያለሁ?"

"አላየሁህም እንኳ። ሽማግሌው መጥተው ታረቁልን፣ ጻፍልን አሉ። ዕርቅ ላይ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምጽፈው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያጠፋ ነው፤ ጥፋቱ ካልተጻፈ ይቅርታው አየር ላይ ይቀራል።"

"ደንቡን ታውቀዋለህ። አርባ ዓመት ኖረሃል።"

"አውቀዋለሁ። የዕርቅ ወረቀት ምስክርነት አይደለም፤ ሁለት ጠበኛ የሚተኛበት ፍራሽ ነው። ችሎት ይዘውት ይገባሉ ብዬ አላሰብኩም።"

"ያንተን ፍራሽ ይኸው ተኝቼበታለሁ።"

ከማል ወደኛ ሲጠጋ በእጄ አስቆምኩት። ልመታው ነበር። ግን እጁን አየሁት፤ ያቺ ቀለም የሰፈረባት ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግታለች፤ ቀፈፈችኝ፤ እንደ ሞተ አይጥ ልነካት አልፈለግሁም።

"በሚቀጥለው ቀጠሮ ትናገራለህ" አልኩት።

"አውራ ጣት፣ የእኔ መዝገብ ሊዘጋ አንድ ቀጠሮ ነው የቀረው። ምስክሩ ሸሽቷል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያልተባለ ጽፌአለሁ ካልኩ እንደ አዲስ ይጀምሩኛል።"

እውነቱን ነበር። ይህም አስጠላኝ፤ ውሸቱን ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። ግን በሦስተኛው ቀን ካርቶኔን ይዤ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የቀሩኝ ፊደሎች ነበሩ፤ ሌላ አስተማሪ የለም። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እገለብጣለሁ፤ ቃል አንነጋገርም። ሰውዬውንም ራሴንም የተጸየፍኩበት ትምህርት ነው። ይህን አሁን የምታነቡትን የጻፍኩት በዚያ ነው።

የቀጠሮው ቀን ሁለታችንም አንድ ችሎት ነበር የምንቀርበው። ፖሊስ ካቴና ሲያጥረው ሁለት ሁለት አድርጎ ያስራል፤ የእሱን ቀኝ ከእኔ ግራ አሰሩት። ከመኪናው ላይ ስንዴው ይታይ ነበር፤ አልተነጋገርንም። ችሎት ገብተን የታሳሪዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ካቴናው አልተፈታልንም።

ኦቦ ቱፋ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡ።

"ይህ ሰው ሰርቄአለሁ ብሏል?" ተባሉ።

"አጥፍቼ ከሆነ ነው ያለው። እንደዚያ ነው የሚባል።"

"ወረቀቱን ማን ጻፈው?"

ሽማግሌው ወደኛ በኩል ዞር አሉ። አዩት። እንዳወቁት እኔ አውቄአለሁ፤ ዓይናቸው እሱ ላይ አርፎ ተነሣ። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው በአደባባይ አያጋልጡም፤ አፋቸው ዕርቅ እንጂ ጥቆማ አያውቅም።

"ከተማ ነው ያስጻፍኩት። ሰውዬውን አላስታውሰውም" አሉ።

ዳኛው መጻፍ ጀመሩ። ሌላ ቀጠሮ እየመጣ እንደሆነ ገባኝ፤ ያን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግራ እጄ ብቻዋን ተነሣች። እኔ አላነሳኋትም። ጋሽ ይርዳው እጁን ሲያወጣ ካቴናው ጎትቷት ነው።

"ማነው እጁን ያወጣው?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ነኝ ክቡር ፍርድ ቤት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው አላለም፤ ሲልም አልሰማሁም።"

አስተርጓሚው ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ይቅረብ አለ። ወረቀት ሰጡትና ጻፍ አሉት። ካቴናውን ፈቱለት፤ ሦስት ጣቶቹን እፍ አለባቸው፤ "በሬ" ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከጎኑ አደረጉት። ዳኛው እያነጻጸሩ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "የዚያን ጊዜዋ እስክሪብቶ ትንሽ ትተፋ ነበር" አለ። እዚያ ላይ ቆሞም በጽሑፉ ነበር የሚያፍረው።

ከዚያ በኋላም ለእኔ ሦስት ቀጠሮ ወስዷል። በነፃ ሲያሰናብቱኝ ይቅርታ ያለኝ የለም። እሱን ግን፣ በመሬቱ ውል ጉዳይ ሊለቁት ሲሉ፣ በሐሰተኛ ሰነድ እንደ አዲስ ከሰሱት፤ ሳጅኑም ያችን ቀኗ የምትሰረዝ ወረቀት አወጣ።

አንድ ጊዜ ልጠይቀው ሄጃለሁ። በሶ ይዤለት ነበር። ጠያቂና ታሳሪ መካከል ከተዘረጋው ገመድ ማዶ ቆመ፤ ከስቷል፤ ያስላል።

"ስምህን ጻፍልኝ" አለኝ። በበሶው መጠቅለያ ላይ ጻፍኩለት።

"'ሴ' ወገቧ ጎብጧል፤ ቀና አድርጋት።"

"ለምን እጅህን አወጣህ?" አልኩት።

"በላኝ፤ ልከከው ብዬ።"

"የምሬን ነው።"

ወደ ጠባቂው አየ፣ ወደ እኔ አየ። "ጮክ ብለህ አነበብካት እኮ ደምሴ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ነው የጻፍኩት፤ ጽሑፌን ያስፈረምኩት ሰው ሲያነበው ሰምቼ አላውቅም። አንባቢ ያላት ወረቀት አትካድም።"

በስሜ የጠራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ይቅር በለኝ ማለቴ ነው ያሳሰረኝ፤ በዚያ ቃል ሁለተኛ አልጫወትም። በሶውን ሰጥቼው ሄድኩ።

ሞቱን ከሰማሁ በኋላ የጥቅምት ቀጠሮው ደረሰ። ዘመድ የለውም። ከወፍጮ ቤቱ አስፈቅጄ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ።

"ተከሳሽ ይርዳው ቀርቧል?"

"አልቀረበም" አለ ፖሊሱ።

"ለምን?"

"ሞቷል ይባላል።"

"ማስረጃውስ?"

"አልደረሰንም ክቡር ፍርድ ቤት።"

የሞቱ ማስረጃ እንዲቀርብ ተብሎ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ። ለሞተ ሰው ቀጠሮ ሰጡት። ሳቅ አመለጠኝ፤ ጠባቂው አፈጠጠብኝ። ጋሽ ይርዳው ቢሰማ ለክፍሉ እየደጋገመ አንድ ወር ይስቅባት ነበር።

በኅዳሩ ቀጠሮም ሄድኩ። የአጨዳ ኮምባይነሮች መንገዱን ዘግተውት አርፍጄ ነው የደረስኩት፤ ችሎቱ አልቋል። መዝገብ ቤት ገብቼ እዚያ የምትሠራዋን ልጅ የውሳኔውን የመጨረሻ መስመር በአማርኛ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ነገረችኝ። እስክሪብቶ ተውሼ ሦስት ጣቶቼን እፍ አልኩባቸውና ጻፍኩት፤ በእሱ "በ"፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ።

ተከሳሹ በመሞቱ ክሱ ተቋርጧል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.